«እስካሁን ምንም አልሆነም» ማስረጃ አይደለም

ስለ አውሮፕላን ደህንነት በተነሣ ቁጥር አንድ አነጋገር ይደገማል። የአየር መንገድ ኃላፊዎች ይሉታል፣ አምራቾች ይሉታል፣ አዘውትሮ የሚበርረው ነጋዴም ይለዋል። አውሮፕላን ከመጓጓዣ ሁሉ አስተማማኙ ነው፤ ከኤሌክትሪክ ሽቦ የሚነሣ እሳት ከስንት አንዴ የሚያጋጥም ነገር ነው፤ ስለዚህ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት «ይህን ሽቦ ቀይሩ፣ ያንን ሽፋን አንሡ» እያለ በሥራ ላይ ያለውን አውሮፕላን ሁሉ በግዴታ ሀንጋር ማስገባቱ ገንዘብ ማባከን ነው። አደጋ ቢደርስ ተጎጂዎቹ ኩባንያዎቹ ራሳቸው ስለሆኑ ጉዳዩ ለእነሱ ጥንቃቄ ይተው ይባላል።

የዚህ አነጋገር መነሻው እውነት ነው። መደምደሚያው ግን ስሕተት ነው፤ ሰው የገደለ ስሕተት። አውሮፕላን አስተማማኝ የሆነው አደጋ በደረሰ ቁጥር ሥልጣን ያለው አካል ተነሥቶ «ከዛሬ ጀምሮ እንዲህ ማድረግ ግዴታ ነው» ስላለ ነው። በግዴታ የተገኘውን ደህንነት ይዞ ግዴታው ትርፍ ነው ብሎ መከራከር አይቻልም። (ከዚህ በታች «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከራሳችን ልጀምር። ሐምሌ 5 ቀን 2005 ዓ.ም. «ንግሥተ ሳባ» የተባለችው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 787 ድሪምላይነር ለንደን ሂትሮው ላይ ቆማ ነበር። ከአዲስ አበባ ያመጣቻቸውን መንገደኞች አውርዳ ለሰዓታት ባዶዋን ነው የቆመችው። ሞተሯ አልተነሣም፣ በውስጧ ሰው አልነበረም። ከሰዓት በኋላ ከጅራቷ አካባቢ፣ ከላይ በኩል፣ ጭስ ሲወጣ ታየ። የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሲገቡ እሳቱ ከመንገደኞች ጣሪያ በላይ ተደብቆ ነበር። የእጅ ማጥፊያው ሊያጠፋው አልቻለም፤ የጣሪያውን ሽፋን ገንጥለው በውሃ ነው ያጠፉት። አየር መንገዱ አውሮፕላኗን ከተረከበ ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር።

የብሪታንያ የአየር አደጋ መርማሪዎች የደረሱበት ምክንያት በእጅ መዳፍ ውስጥ የሚገባ ነገር ነው። አውሮፕላን ሲወድቅ ያለበትን ቦታ በሬዲዮ የሚጠቁም አንድ መሣሪያ አለ፤ የራሱ ሊቲየም ባትሪ አለው። ከባትሪው የሚወጡት ሁለት ሽቦዎች ሲገጠሙ ተደራርበው በባትሪው ክዳን ሥር ተጨፍልቀዋል። ክዳኑ ተጫናቸው፣ ሽቦዎቹ ሾርት አደረጉ፣ ባትሪው ጋለ፣ ተቀጣጠለ። ከዚያ የባትሪው ነበልባል የአውሮፕላኗን ገላ ማቃጠል ጀመረ። መርማሪዎቹ ይኸው ነገር በአየር ላይ ቢሆን ኖሮ ለበረራ አስተናጋጆቹ እሳቱን ማግኘትም ማጥፋትም እጅግ ከባድ ይሆን እንደነበር በግልጽ ጽፈዋል።

እዚህ ላይ ነው የተቃዋሚዎቼ ክርክር የሚፈተነው። የዚያ ዓይነት መሣሪያ በዓለም ላይ 6,000 ያህል ተመርቶ በብዙ ዓይነት አውሮፕላን ላይ ተገጥሟል፤ እስከዚያች ቀን ድረስ አንዱም እንዲህ አላቃጠለም። «ታሪኩ ንጹሕ ነው» የሚለው ሰው ሐምሌ 4 ቀን ቢጠየቅ ይህን ቁጥር ጠቅሶ በሙሉ ልብ ይምል ነበር። ከቃጠሎው በኋላ ተቆጣጣሪዎች ፍተሻ ሲያዝዙ ግን የአሜሪካው ዩናይትድ አየር መንገድ በአንድ አውሮፕላኑ ላይ የተጨፈለቀ ሽቦ አገኘ፤ የጃፓኑ ኤኤንኤ አየር መንገድም በሁለት መሣሪያዎች ላይ የተጎዳ ሽቦ አገኘ። እነዚያ ሽቦዎች ከትእዛዙ በፊትም እዚያው ነበሩ። መንገደኛ ከሥራቸው ተቀምጦ ይበላ፣ ይተኛ ነበር። ንጹሕ የተባለው ታሪክ ማንም ከፍቶ ያላየው ታሪክ ነው።

በነገራችን ላይ፣ ይህ ጉዳይ እኛ ዘንድ በጣም የተለመደውን «አዲስ አውሮፕላን ከሆነ ችግር የለም» የሚል እምነትም ያፈርሳል። እርጅና ሽቦን ይጎዳል፤ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ሽቦ ገና ከፋብሪካ ሲወጣ፣ ገና ሲገጠም፣ በአንድ ብሎን አጉል መጥበቅ ሊጎዳ ይችላል። የአውሮፕላንን ዕድሜ ብቻ ቆጥሮ የሚጽናና መንገደኛ የተሳሳተ ነገር እየቆጠረ ነው።

ሽቦ እንዴት እሳት እንደሚያነሣ ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም «ብሬከሩ ይቆርጠዋል» የሚለው መልስ ብዙዎችን ያሳምናል። በትልቅ አውሮፕላን ውስጥ ሽቦዎች እንደ ነዶ ታስረው ከጣሪያ በላይ፣ ከወለል በታች፣ በግድግዳው ውስጥ ይሄዳሉ። ኤምዲ-11 በተባለው አውሮፕላን ውስጥ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ሽቦ ነበር፤ ከአዲስ አበባ ሻሸመኔ የሚያደርስ ማለት ነው። የሽቦው ልባስ እጅግ ስስ ነው፤ ክብደት እንዲቀንስ ተብሎ። አውሮፕላኑ ሲንቀጠቀጥ ነዶው የብረት ጠርዝ ያገኘዋል፣ ይፈገፈጋል። አንድ ቴክኒሻን ሲበሳ የረገፈ የብረት ብናኝ በነዶው መሀል ይቀራል። ከመጸዳጃ ቤትና ከማብሰያው ክፍል የሚንጠባጠብ ውሃ ይደርስበታል፤ ከምንጣፍና ከብርድ ልብስ የሚነሣ ብናኝ ይከመርበታል። ከዕለታት አንድ ቀን ልባሱ ይሰነጠቃል፣ መዳቡ ሌላ መዳብ ወይም የአውሮፕላኑን ገላ ይነካል፣ ብልጭ ይላል። ያ ብልጭታ በሺዎች ዲግሪ የሚለካ ሙቀት አለው፤ የሚቆየው ግን ለቅጽበት ነው። የተለመደው ብሬከር የሚሠራው ሽቦው ከመጠን ያለፈ ኃይል ተሸክሞ ሲግል ነው። እየበራ እየጠፋ ለሚመጣ ብልጭታ ጊዜ አያገኝም፤ ሳይቆርጥ እሳቱ ይነሣል። እንዲህ ያለውን ብልጭታ ለይቶ የሚቆርጥ ብሬከር ተሠርቷል፤ ግን በሥራ ላይ ባሉት አውሮፕላኖች ሁሉ ላይ እንዲገጠም ያስገደደ የለም።

አሁን ወደ ስዊስኤር በረራ 111። ሴፕቴምበር 2 ቀን 1998 ኤምዲ-11 አውሮፕላን ከኒው ዮርክ ወደ ጄኔቫ 229 ሰዎች ይዞ ተነሣ። አንድ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ አብራሪዎቹ ያልተለመደ ሽታ ሸተታቸው። መጀመሪያ ከማቀዝቀዣው የመጣ መሰላቸው። ወዲያው ጭስ ሆነ። ሽታው ከተሰማበት አንሥቶ አውሮፕላኑ ኖቫ ስኮሺያ ባሕር ዳርቻ አጠገብ ውቅያኖስ እስኪገባ ድረስ ያለው ጊዜ 21 ደቂቃ ያህል ብቻ ነበር። የተረፈ ሰው የለም። የካናዳ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ የአውሮፕላኑን 98 በመቶ ስብርባሪ ከባሕር ሥር አውጥቶ፣ ከአራት ዓመት በላይ ደክሞ፣ 57 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር ያህል አውጥቶ እሳቱ ከአብራሪዎቹ ጣሪያ በላይ ከሽቦ ብልጭታ መነሣቱን ደረሰበት።

ብልጭታው ብቻውን ያን ሁሉ ባላደረገ ነበር። የሚበላውን ያገኘው ከአውሮፕላኑ ገላ ጋር ከተለጠፈው የሙቀት መከላከያ ብርድ ልብስ ነው። የብርድ ልብሱ ገጽ ብረት የተቀባ ስስ ፕላስቲክ ነበር፤ በጊዜው የነበረውን የእሳት ፈተና ያለፈ፣ ሕጋዊ የሆነ። ግን በትንሽ ብልጭታ ይቀጣጠል ነበር። ይህ ከአደጋው በፊት አይታወቅም ነበር? ይታወቅ ነበር። በ1993 ኮፐንሃገን ላይ መሬት የነበረ ኤምዲ-87 ውስጥ ይኸው ዓይነት ብርድ ልብስ ተቃጥሏል። በ1996 የቻይና ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን በአገሩ ስለደረሱ ተመሳሳይ ቃጠሎዎች ለአሜሪካው ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር፣ ለኤፍኤኤ፣ ጽፏል። በ1997 አምራቹ ማክዶኔል ዳግላስ ብርድ ልብሱ እንዲወጣ የሚመክር ሰርቪስ ቡለቲን አወጣ። ምክር ነበር፤ ምክር ግን ቀን አይቆርጥም። የ1998ቱ አደጋ የደረሰው ምክሩ በየአየር መንገዱ መደርደሪያ ላይ ሳለ ነው። ኤፍኤኤ ብርድ ልብሱ ከ700 ያህል የአሜሪካ አውሮፕላኖች ላይ በአምስት ዓመት ውስጥ በግዴታ እንዲወጣ ያዘዘው በ2000 ነው፤ 229 ሰው ካለቀ በኋላ።

«ለኩባንያዎቹ ጥንቃቄ ይተው» የሚሉ ሰዎች ይህን ቅደም ተከተል እንዲመልሱልኝ እፈልጋለሁ። ዕውቀቱ ነበር፣ መፍትሔው ነበር፣ ምክሩ ነበር። የጎደለው ግዴታው ነው። አንድ አየር መንገድ ተፎካካሪው ያላወጣውን ወጪ በገዛ ፈቃዱ እንዲያወጣና አውሮፕላኑን ለሳምንታት ከሥራ እንዲያስወጣ መጠበቅ፣ በጎ ሰው ቢመራው እንኳ፣ ከባድ ነው። አስገዳጅ መመሪያ ግን ለሁሉም እኩል ቀን ይቆርጣል። ጠንቃቃው ስለተጠነቀቀ እንዳይከስር የሚያደርገው ይህ ነው።

ከሌላው ወገን የሚሰማ አንድ ክርክር ግን አለ፤ በአክብሮት መመለስ ያለበት። የጥገና ሰዎች ራሳቸው የሚያነሡት ስለሆነ ከሁሉም የጠነከረው እሱ ነው። ሽቦ በተነካ ቁጥር ይጎዳል ይላሉ። ነዶው ሲገፋ ይሰነጠቃል፣ ሽፋን ሲከፈት ብሎን ይወድቃል፣ አንዱን ለማስተካከል የገባ እጅ ሌላውን ያበላሻል፤ ስለዚህ የሚሠራ ነገር አይነካ። ስዊስኤር 111ም ይህን ያጠናክራል፤ ብልጭታ ከታየባቸው ሽቦዎች አንዱ አውሮፕላኑ ከተሠራ ከዓመታት በኋላ ከተገጠመው የመንገደኞች መዝናኛ ሥርዓት የመጣ ነው። ማሻሻያ ራሱ ነው እሳቱን ያመጣው ሊባል ይችላል።

እውነት ነው። ነገር ግን ያ ማሻሻያ ምን ዓይነት ነበር? ማንም ያላስገደደው፣ ለንግድ ሲባል የተገጠመ፣ ማጽደቁም በውክልና ለሌሎች የተተወ ሥራ ነበር። ኃይሉን የሚያገኘውም አብራሪዎቹ ጭስ ሲሸታቸው መጀመሪያ ከሚያጠፉት የመንገደኞች ክፍል ማብሪያ ውጭ ከሆነ መስመር ነበር። የአደጋ ጊዜው ዝርዝር የመንገደኞቹን ክፍል ኤሌክትሪክ አጥፋ ይላል፤ ያ ማብሪያ ቢጠፋ እንኳ የመዝናኛው ሥርዓት ኃይል አይቋረጥበትም። ይህ የሚያሳየው ሽቦ አይነካ የሚለውን ሳይሆን ሽቦ በየፈቃዱ አይነካ የሚለውን ነው። አስገዳጅ ማሻሻያ ሽቦው በየት ይሂድ፣ በምን ይታሰር፣ ከሌላው ሽቦና ከብረቱ ምን ያህል ይራቅ፣ ማን ያረጋግጥ የሚለውን አንድ በአንድ ይጽፋል። ኤፍኤኤ በ2007 ያወጣው ደንብ የአውሮፕላን ሽቦን ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ራሱ የቻለ ሥርዓት ቆጥሮ፣ የራሱ ንድፍ፣ የራሱ ፍተሻ፣ የራሱ የጥገና ሥርዓት እንዲኖረው አደረገ። ከዚያ በፊት ሽቦ የሚያገናኛቸው መሣሪያዎች ተቀጥላ ነበር፤ ለብቻው የሚመረመረው ከስንት አንዴ ነበር።

አሁን ስለ ወጪ። በቦይንግ 757፣ 767 እና 777 ፊት ለፊት መስታወት ላይ በረዶ እንዳይዝ የሚያሞቅ ኤሌክትሪክ አለ። ሽቦው ከመስታወቱ ጋር የሚገናኘው በብሎን ነበር። ብሎኑ ሲላላ፣ ቤት ውስጥ የላላ ሶኬት እንደሚጠቁረው ሁሉ፣ መገናኛው ይግላል፣ ይጠቁራል፣ በመጨረሻ ብልጭ ብሎ ይነድዳል፤ ያውም ከአብራሪው ጉልበት ፊት ለፊት። አምራቹ ማሻሻያ መክሯል። የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ በ2007 በግዴታ ይቀየር ብሎ ጠየቀ። ኤፍኤኤ በ2008 ረቂቅ መመሪያ አወጣ፤ ረቂቁ ሳይጸድቅ ሁለት ዓመት ተቀመጠ። ሜይ 16 ቀን 2010 ከኒው ዮርክ ወደ ሎስ አንጀለስ የሚበርር የዩናይትድ 757 ኮክፒት ውስጥ እሳት ተነሣ። አብራሪዎቹ የኦክስጅን ጭምብል አጥልቀው በማጥፊያ ረጩት፤ ጠፋ፣ ተመልሶ ተነሣ፣ ሁለተኛ ማጥፊያ ጨረሱበት፣ የመስታወቱ የውስጥ ንጣፍ ተሰነጠቀ። ዋሽንግተን ዳለስ ላይ በሰላም አረፉ። በዚያው ክረምት መመሪያው ጸደቀ። የሚመለከታቸው የአሜሪካ አውሮፕላኖች 1,212 ነበሩ፤ ኤፍኤኤ ለፍተሻው የገመተው ወጪ በአንድ አውሮፕላን 85 ዶላር ነበር፤ የአንድ ቴክኒሻን የአንድ ሰዓት ዋጋ። ለዚህ ነበር ሁለት ዓመት የተጠበቀው።

ወጪው በእውነት ትልቅ ሲሆንስ? ጁላይ 17 ቀን 1996 የቲደብሊውኤ አየር መንገድ በረራ 800 ቦይንግ 747 ከኒው ዮርክ ተነሥቶ በአየር ላይ ፈንድቶ 230 ሰው አለቀ። የፈነዳው በአውሮፕላኑ ሆድ ያለው ባዶ ሊባል የሚችል የነዳጅ ታንክ ነው፤ መርማሪዎች ከሁሉ ይልቅ የሚመስል ያሉት ከታንኩ ውጭ ሾርት ያደረገ ሽቦ በነዳጅ መለኪያው ሽቦ በኩል ከፍተኛ ኃይል ወደ ውስጥ ማስገባቱን ነው። መፍትሔው ታንኩን በናይትሮጅን መሙላት ነው፤ ኦክስጅኑ ካነሰ ብልጭታ ቢኖርም እንፋሎቱ አይቀጣጠልም። በ2001 ኢንዱስትሪው የተሳተፈበት አማካሪ ቡድን ይህ ከጥቅሙ ይልቅ ወጪው ይበልጣል ብሎ ደመደመ። በቀጣዩ ዓመት የኤፍኤኤ ባለሙያዎች ያ ቡድን ካሰበው የቀለለና የረከሰ ዘዴ ሠርተው አሳዩ። በ2008 ግዴታ ሲሆን ኤፍኤኤ የገመተው ወጪ እንደ አውሮፕላኑ መጠን ከ110,000 እስከ 313,000 ዶላር ነበር። ከዚህ የተማርኩት ነገር ቢኖር «አይቻልም፣ ውድ ነው» የሚለው ስሌት የሚሠራው ማንም ርካሽ መንገድ እንዲፈልግ ባልተገደደበት ሰዓት መሆኑን ነው። በመካከሉ፣ በ2001፣ ባንኮክ ላይ የቆመ የታይ አየር መንገድ 737 ታንክ ፈንድቶ አንድ የበረራ ሠራተኛ ሞቷል።

ይህ ክርክር ያለፈ ታሪክ የሚመስለው ሰው ካለ 2020ን ያስታውስ። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ላይ 157 ሰዎች ካለቁ በኋላ 737 ማክስ እንደገና ሲመረመር፣ የጅራቱን ክንፍ የሚያዝዙ ሽቦዎች አጉል ተቀራርበው መታሰራቸው ታየ። አደጋውን ያመጣው ይህ አልነበረም። ሆኖም ሾርት ቢያደርጉ የጅራቱ ክንፍ ሳይታዘዝ ሊንቀሳቀስና አውሮፕላኑን ወደ መሬት ሊመራው ይችላል፤ የ2007ቱ ደንብ ደግሞ ተራርቀው እንዲሄዱ ያዝዛል። ቦይንግ መቀየር አያስፈልግም ብሎ ተከራከረ። ማስረጃው ምን ነበር? ይህ አሠራር በ737 ቤተሰብ ላይ 205 ሚሊዮን ሰዓት ያለ ችግር በርሯል የሚል ነው። ከቢሾፍቱ አጠገብ መሬቱ ገና ሳይደርቅ ያው «እስካሁን ምንም አልሆነም» ተመልሶ መጣ። ኤፍኤኤ አልተቀበለውም። ማክስ ወደ አየር የተመለሰው ሽቦዎቹ እንዲለያዩ በ2020 በተሰጠ አስገዳጅ ትእዛዝ ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት 737ቶች ግን ደንቡ ሳይወጣ የጸደቁ ስለሆኑ እንደነበሩ ቀሩ።

ይህ ለእኛ የሩቅ ጉዳይ አይደለም። አውሮፕላንን የነደፈው አገር የሚያወጣው አስገዳጅ መመሪያ ነው አውሮፕላኑ ወደተመዘገበበት አገር የሚሻገረው። ዋሽንግተን ወይም በአውሮፓው ተቆጣጣሪ መቀመጫ በኮሎኝ «ይመከራል» ተብሎ የቀረ ነገር ቦሌ ሀንጋር ሲደርስም ምክር ሆኖ ነው የሚደርሰው። የቦሌ ቴክኒሻኖች ችሎታ አይጎድላቸውም። የሚጎድላቸው ሽቦውን ከፍተው እንዲያዩ አውሮፕላኑን ከበረራ የሚያስቆምላቸው ትእዛዝ ነው። የበረራ ሰሌዳ ከሚያወጣው ክፍል ጋር ሲከራከሩ በእጃቸው ያለው ወረቀት «ግዴታ» ይላል ወይስ «ይመከራል» የሚለው ነው ሁሉን የሚወስነው።

አንድ ነገር ደግሞ ክፍት ሆኖ ቀርቷል። የ2008ቱ የናይትሮጅን ደንብ በሥራ ላይ ያሉትን የመንገደኛ አውሮፕላኖች ሲያስገድድ ጭነት ብቻ የሚያጓጉዙትን ነባሮች ከግዴታው አውጥቷቸዋል። ስሌቱ ግልጽ ነው፤ ውስጣቸው ያሉት ሰዎች ጥቂት ስለሆኑ ወጪው አያዋጣም ተባለ። አዲስ አበባ ከአፍሪካ ታላላቅ የጭነት ማዕከላት አንዷ ናት። ሌሊት አበባ ጭኖ ወደ ሊየዥ፣ ሥጋ ጭኖ ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚነሣው አውሮፕላን ላይ የእኛ ልጆች አሉ፤ የሚነሣበትና የሚያርፍበት ከተማም ሰው የሚኖርበት ነው። ኤፍኤኤ ይህን ነጻ ማድረጊያ ማንሣት አለበት። እሱ እስኪያነሣው ድረስ ግን የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን በራሱ መዝገብ ላይ ያሉት የጭነት አውሮፕላኖች ታንክ በናይትሮጅን እንዲጠበቅ፣ የነዳጅ መለኪያ ሽቦዎቻቸውም ተከፍተው እንዲታዩ በቁርጥ ቀን ማዘዝ ይችላል፤ ለዚህ የማንንም ፈቃድ መጠየቅ አያስፈልገውም።